ሞል፤ በሚዛን የመቍጠር ጥበብ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ሰው ዕቃ ሲለዋወጥም ሆነ ገንዘብ ሲከፍል፣ ንብረት ሲረከብም ሆነ ሲያስረክብ፣ ከሁለት ሥራዎች አንዱን ሳይሠራ አይውልም። አንደኛው መቍጠር ነው፤ ሁለተኛውም መመዘን ነው። በግ በቍጥር፣ ቡና በፈረሱላ፣ እህል በኩንታል፣ ብርጭቆ በደርዘን፣ የጽሕፈት ወረቀት በደስጣ ይገዛል። ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚስማማው መለኪያ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በግን አንድ ሁለት ብሎ መቍጠር ቀላል ነው፤ ጤፍን ግን በፍሬ ቍጥር እሸጣለሁ የሚል ነጋዴ ቢኖር ዕድሜውን ይጨርሳል እንጂ ቈጠራውን አይጨርስም። ስለዚህ ትልቁን ነገር እንቈጥረዋለን፤ ደቃቁን ነገር እንመዝነዋለን።

ይሁን እንጂ አንዳንድ ጊዜ ደቃቁን ነገር መመዘኑ ብቻ የማይበቃና ቍጥሩን ማወቅ የግድ የሚሆንበት ሁኔታ አለ። በዚህ ጊዜ ምን ይደረጋል? ዛሬ ልገልጽላችሁ ያሰብሁት ለዚህ ጥያቄ የኬሚስትሪ ሊቃውንት የሰጡትን መልስ ነው። መልሱም «ሞል» ይባላል።

ይህ ቃል ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይሆንም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማራችሁ ሁሉ ሰምታችሁታል፤ ልጆቻችሁም ዛሬ ይማሩታል። ነገር ግን አብዛኛው ተማሪ ቍጥሩን በቃሉ አጥንቶ ፈተናውን ካለፈ በኋላ ቍጥሩንም ትርጕሙንም ይረሳዋል። እንዲህ መሆኑ የሚያሳዝን ነው። ሞል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ የሚጠፋ ነገር አይደለምና። በተቅማጥ ለታመመ ሕፃን በሚሰጠው ትንሽ ፓኬት ውስጥ አለ። የስኳር ሕመምተኛ ከላቦራቶሪ በሚቀበለው ወረቀት ላይም ይገኛል። በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ትርጕሙን ማወቅና አለማወቅ ጤናን የሚነካ ልዩነት ያመጣል። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ከመሠረቱ እንጀምር።

ስለ ወረቀትና ስለ ብሎን

በመሥሪያ ቤታችሁ በየቀኑ የምትጠቀሙበትን ወረቀት ተመልከቱ። አንድ ደስጣ 500 ቅጠል አለው። የተለመደው ዓይነት ወረቀት አንዱ ቅጠል 5 ግራም ያህል ስለሚመዝን ሙሉው ደስጣ 2 ኪሎ ተኩል ይሆናል። የንብረት ክፍል ኃላፊው አንድ የተከፈተ ደስጣ ቢረከብና በውስጡ ስንት ቅጠል እንደ ቀረ ለማወቅ ቢፈልግ አንድ በአንድ መቍጠር አያስፈልገውም። በሚዛን ላይ አስቀምጦ 1 ኪሎ ከሆነ 200 ቅጠል መሆኑን በቅጽበት ያውቃል። ይህ ሰው የመዘነ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ቈጥሯል። ሚዛኑን የቈጠራ መሣሪያ አድርጎታል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላ ዕቃ እንለፍ። አንድ መሥሪያ ቤት ለጥገና ሥራ ብሎንና ዳዶ ያስፈልገዋል እንበል። ለእያንዳንዱ ብሎን አንድ ዳዶ ይገባለታል። ግዥውን የሚፈጽመው ሠራተኛ «እኩል ይሁን» ብሎ አንድ ኪሎ ብሎንና አንድ ኪሎ ዳዶ ቢገዛ ምን ይሆናል? አንዱ ብሎን 40 ግራም፣ አንዱ ዳዶ 10 ግራም ቢመዝን በአንዱ ኪሎ ውስጥ 25 ብሎን፣ በሌላው ኪሎ ውስጥ 100 ዳዶ ይገኛል። ስለዚህ 75 ዳዶ ያለ ሥራ ይቀራል። ክብደቱ እኩል ሆኖ ሳለ ቍጥሩ እኩል አልሆነም። ሠራተኛው ጥበበኛ ቢሆን ኖሮ 4 ኪሎ ብሎንና 1 ኪሎ ዳዶ ይገዛ ነበር፤ ያን ጊዜ ሁለቱም መቶ መቶ ሆነው በትክክል ይገጣጠሙ ነበር።

ከዚህ ላይ በጥንቃቄ ልትመለከቱት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሠራተኛው የአንዱን ብሎን ክብደት በግራም ባያውቅም እንኳ ብሎኑ ከዳዶው አራት እጥፍ እንደሚከብድ ብቻ ካወቀ ይበቃዋል። አራት እጅ ብሎን ለአንድ እጅ ዳዶ በመዘነ ቍጥር፣ መለኪያው ኪሎም ይሁን ፈረሱላ ወይም ኩንታል፣ የሁለቱ ብዛት ሁልጊዜ እኩል ይሆናል። ስንት እንደ ሆኑ ላያውቅ ይችላል፤ እኩል መሆናቸውን ግን ያለ ጥርጥር ያውቃል። የሞል ምስጢር በሙሉ በዚህ አንድ ነገር ውስጥ ይገኛል።

ወደ አቶም ስንመጣ

በዓለም ላይ ያለው ግዙፍ ነገር ሁሉ አቶም ከሚባሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። አቶሞች እርስ በርሳቸው ሲያያዙ ሞለኪውል ይባላሉ። አንዱ የውሃ ሞለኪውል ከሁለት የሃይድሮጂን አቶምና ከአንድ የኦክሲጅን አቶም የተሠራ ነው፤ ሦስትና አንድ፣ ወይም ሁለትና ተኩል ቢሆን ውሃ አይሆንም። ስለዚህ አቶሞች የሚገጣጠሙት እንደ ብሎንና ዳዶ በቍጥር ነው እንጂ በክብደት አይደለም። የኬሚስትሪ ሊቅ ግን በእጁ ያለው መሣሪያ ሚዛን ብቻ ነው፤ አቶምን በጣቱ ይዞ አንድ ሁለት ብሎ ሊቈጥር አይችልም። ተፈጥሮ በቍጥር ትሠራለች፤ ሰው በሚዛን ይሠራል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል አስተርጓሚ የሆነው ሞል ነው።

በተጠጋጋ ቍጥር እንናገርና፣ አንዱ የካርቦን አቶም ከአንዱ የሃይድሮጂን አቶም 12 እጥፍ ይከብዳል፤ አንዱ የኦክሲጅን አቶም ደግሞ 16 እጥፍ ይከብዳል። እንግዲህ የብሎኑንና የዳዶውን ነገር አስታውሱ። 1 ግራም ሃይድሮጂን፣ 12 ግራም ካርቦንና 16 ግራም ኦክሲጅን ብንመዝን በሦስቱም ውስጥ ያለው የአቶም ቍጥር እኩል መሆን አለበት። ይህ እኩል የሆነው ብዛት አንድ ሞል ይባላል። ውሃም ሁለት ሃይድሮጂንና አንድ ኦክሲጅን ስለሆነ የአንድ ሞል ውሃ ክብደት 2 ሲደመር 16፣ ማለትም 18 ግራም ነው። ይህም ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቂት የሚበልጥ ውሃ ነው። የገበታ ጨው አንድ ሞል 58.4 ግራም፣ ግሉኮስ የተባለው የስኳር ዓይነት አንድ ሞል 180 ግራም ይመዝናል። ክብደታቸው የተለያየ ነው፤ ብዛታቸው ግን አንድ ነው።

ብዛቱስ ስንት ነው? 602,214,076,000,000,000,000,000 ነው። ይህም ስድስት መቶ ሁለት ሺህ ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ያህል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቍጥር አንደበት ይጠራዋል እንጂ አእምሮ አይጨብጠውም። ስለዚህ በምናውቀው ነገር እንመስለው። የአንዲት የጤፍ ፍሬ ክብደት የአንድ ሚሊግራም ሲሶ ገደማ ነው። አንድ ሞል የጤፍ ፍሬ ለመሰብሰብ ብንነሣና አገራችን በየዓመቱ 50 ሚሊዮን ኩንታል ጤፍ ብታመርት፣ አንዲት ፍሬ እንኳ ሳይበላ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ ማከማቸት ያስፈልገን ነበር። ወይም ደግሞ ስምንት ቢሊዮን ሰዎች ሌሊትና ቀን ሳያርፉ እያንዳንዳቸው በየሴኮንዱ አንድ አንድ ቢቈጥሩ ቈጠራው የሚፈጸመው ከ2 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ነው። ይህን ያህል ብዛት ያላቸው የውሃ ሞለኪውሎች ከአንድ ማንኪያ ውሃ በጥቂት በሚበልጥ ስፍራ ውስጥ ተሰብስበው መገኘታቸው የሞለኪውልን ደቃቅነት ያስረዳል።

በዚህ አጋጣሚ ብዙ ተማሪዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር ላመልክት። ሞል ክብደት አይደለም፤ ስፍርም አይደለም፤ ብዛት ነው። አንድ ደርዘን ብርጭቆና አንድ ደርዘን የጭነት መኪና ክብደታቸው የትና የት ቢሆንም ሁለቱም ደርዘን እንደ ሆኑ ሁሉ የአንድ ሞል ጨውና የአንድ ሞል ስኳር ነገር እንዲሁ ነው። በተጨማሪም «አንድ ደርዘን» ብሎ ዝም ማለት ትርጕም እንደሌለው ሁሉ «አንድ ሞል» ብሎ ዝም ማለትም ትርጕም የለውም። የምን ሞል እንደ ሆነ መነገር አለበት። አንድ ሞል የኦክሲጅን አቶም 16 ግራም ነው። ነገር ግን በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ሁለት ሁለት አቶም ሆኖ የተጣመረ ስለሆነ አንድ ሞል የኦክሲጅን ሞለኪውል 32 ግራም ይሆናል። አንድ ደርዘን ጫማና አንድ ደርዘን ጥንድ ጫማ የተለያዩ መሆናቸውን የማያውቅ ንብረት ጠባቂ የለምና ይህ ለእናንተ ከባድ አይሆንም።

አሳቡ እንዴት እንደ ተገኘ

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1776 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በቱሪን ከተማ የተወለደው አሜዴዎ አቮጋድሮ በመጀመሪያ የተማረው ሕግ ነበር፤ በኋላ ግን ልቡ ወደ ፊዚክስና ወደ ሒሳብ አዘነበለ። በ1811 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ እኩል ስፍር ያላቸው ጋዞች ሙቀታቸውና ግፊታቸው አንድ ከሆነ፣ የጋዞቹ ዓይነት ምንም ይሁን ምን፣ በውስጣቸው ያለው የሞለኪውል ቍጥር እኩል ነው ብሎ አስታወቀ። ይህ አሳብ እውነት ከሆነ የሁለት ጋዞችን እኩል ስፍር መዝኖ አንዱ ሞለኪውል ከሌላው ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ማወቅ ይቻላል ማለት ነው። ነገር ግን በዘመኑ የነበሩት ሊቃውንት አብዛኛዎቹ አልተቀበሉትም፤ አሳቡም ሃምሳ ዓመት ለሚያህል ጊዜ ችላ ተብሎ ቈየ።

በዚያ ጊዜ ውስጥ በኬሚስትሪ ዓለም ትልቅ መደናገር ነበር። ስለ አቶም ክብደት ሁሉም የየራሱን ቍጥር ይጽፍ ስለነበር አንዱ ሊቅ የጻፈውን ሌላው በትክክል ሊረዳው አይችልም ነበር። ይህን ለማስተካከል በመስከረም 1860 ዓ.ም. በጀርመን አገር በካርልስሩኸ ከተማ ከመቶ የሚበልጡ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ተሰበሰቡ። በዚያ ጉባኤ ላይ ስታኒስላኦ ካኒዛሮ የተባለው ኢጣልያዊ መምህር የአገሩ ልጅ አቮጋድሮ የተናገረው ትክክል መሆኑን በብርቱ አስረዳ፤ አሳቡን የያዘው ትንሽ መጽሐፍም ለተሰብሳቢዎቹ ታደለ። ካነበቡት መካከል ብዙዎቹ ከዚያ ወዲህ አሳባቸውን ለወጡ። አቮጋድሮ ግን ከአራት ዓመት በፊት በ1856 ዓ.ም. አርፎ ስለነበር ይህን ለማየት አልታደለም።

ቍጥሩን ራሱን አቮጋድሮ አያውቀውም ነበር። የሞለኪውልን መጠን በ1865 ዓ.ም. በመጀመሪያ የገመተው በቪየና የነበረው ዮሐን ዮሴፍ ሎሽሚት ነው። «ሞል» የሚለው ስም በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በዊልሄልም ኦስትቫልድ አማካይነት በሥራ ላይ ዋለ። የሚያስደንቀው ግን ኦስትቫልድ ራሱ አቶም በእርግጥ ስለመኖሩ ለብዙ ጊዜ ሲጠራጠር መቈየቱ ነው። ጥርጣሬውን ካስወገዱለት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ዣን ፔረን ነበር። ፔረን ደቃቅ የሙጫ ቅንጣቶችን በውሃ ውስጥ በትኖ ከታች እስከ ላይ በየከፍታው ያሉትን በማይክሮስኮፕ ቈጠረ። አየር ከፍ ባለ ተራራ ላይ እየሳሳ እንደሚሄድ ሁሉ ቅንጣቶቹም ወደ ላይ በተወጣ ቍጥር እየሳሱ መሄዳቸውን አየ። ከዚህ ተነሥቶ ቍጥሩን ካሰላ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ለአቮጋድሮ መታሰቢያ ይሆን ዘንድ በስሙ ሰየመው። በ1926 ዓ.ም. የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

በ1971 ዓ.ም. ሞል ከሜትር፣ ከኪሎግራም፣ ከሴኮንድና ከመሰሎቻቸው ጋር ሰባተኛው መሠረታዊ የዓለም መለኪያ ሆነ። ትርጓሜውም በ12 ግራም ካርቦን 12 ውስጥ ያለውን የአቶም ብዛት ያህል ማለት ነበር። እንዲህ ሲሆን ቍጥሩ የተመካው በሚዛን ላይ ነበረ፤ ልኬቱ በተሻሻለ ቍጥር የመጨረሻዎቹ አኃዞች ይለዋወጡ ነበር። ከዚያ በኋላ ሊቃውንት ፍጹም ንጹሕ ከሆነ ሲሊኮን አንድ ኪሎ የሚያህል ድብልብል ኳስ ሠርተው፣ በራጅ ጨረር በአቶሞቹ መካከል ያለውን ርቀት ለክተው በውስጡ ያሉትን አቶሞች ብዛት በታላቅ ጥንቃቄ አወቁ። ስለዚህ በኅዳር 2018 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በቬርሳይ የተሰበሰበው የሚዛንና የመለኪያ ጠቅላላ ጉባኤ ቍጥሩን አንድ ጊዜ ወስኖ አጸደቀው፤ ውሳኔውም ከግንቦት 20 ቀን 2019 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። ከዚያ ቀን ወዲህ ሞል ልክ እንደ ደርዘን ሆኗል። ደርዘን 12 ነው ሲባል ማንም ወጥቶ እንደማይለካው ሁሉ የሞልም ቍጥር ከላይ የጻፍሁት ነው፤ አይጨምርም፤ አይቀንስም።

ሕይወትን ስለሚያድነው ፓኬት

አሁን ወደ ኑሯችን እንመለስ። ተቅማጥ ሕፃናትን የሚገድለው በዋናው ነገር ከሰውነታቸው ውሃና ጨው አጥቦ ስለሚወስድ ነው። በጤና ጣቢያዎችና በመድኃኒት ቤቶች የሚሰጠው «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» የተባለው ፓኬት ይህን የሚተካ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ በሚመክሩት አሠራር ለአንድ ሊትር ውሃ የሚሆነው ፓኬት 2.6 ግራም ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሶዲየም ሲትሬት ይዟል።

ይህን ዝርዝር የሚያነብ ሰው «ስኳሩ ከጨው ከአምስት እጥፍ በላይ የሆነው ለምንድር ነው? ለማጣፈጥ ነውን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ለማጣፈጥ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በፕራግ ከተማ በተደረገ የሊቃውንት ስብሰባ ላይ ሮበርት ክሬን የተባለው ተመራማሪ ግሉኮስ በትንሹ አንጀት ግድግዳ የሚያልፈው ከሶዲየም ጋር ተያይዞ መሆኑን ገለጸ። ሁለቱ ተያይዘው ሲያልፉ ውሃው ይከተላቸዋል። አንጀቱ በተቅማጥ በታወከም ጊዜ ይህ በር ብዙውን ጊዜ ሳይዘጋ ይቀራል። ጨው ለብቻው ቢሰጥ በሚገባ አያልፍም፤ ስኳርም ያለ ጨው ጥቅሙ ያንሳል። ስለዚህ ግሉኮሱ በቍጥር ቢያንስ ከሶዲየሙ ጋር እኩል እንዲሆን ተደነገገ። እንግዲህ ብሎንና ዳዶ መጡ ማለት ነው።

እስቲ እንቍጠራቸው። የሞል አንድ ሺህኛው ሚሊሞል ይባላል። 13.5 ግራም ግሉኮስን ለ180 ብናካፍል 75 ሚሊሞል እናገኛለን። 2.6 ግራም ጨውን ለ58.4 ብናካፍል 44.5 ሚሊሞል ሶዲየም ይወጣል። 2.9 ግራም ሲትሬት ደግሞ 10 ሚሊሞል ገደማ ሲሆን እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ሶዲየም ስለያዘ 30 ያህል ይጨምራል። ጠቅላላው ሶዲየም ወደ 75 ሚሊሞል ይጠጋል። በክብደት ፈጽሞ የማይመጣጠኑት ሁለቱ በቍጥር እኩል ሆነው ተገኙ። ይህን የወሰነው ሰው የሚዛኑን ወረቀት ብቻ ተመልክቶ «እኩል ይሁን» ብሎ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ ሊጐዳ በቻለ ነበር።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ውሃ በስስ የሰውነት ግድግዳ በኩል ሲያልፍ የሚሳበው የሟሙ ቅንጣቶች በቍጥር ወደ በዙበት ወገን ነው። ግድግዳው ክብደትን አያውቅም፤ ቍጥርን ብቻ ያውቃል። በደም ውስጥ ያለው ጠቅላላ የቅንጣት ብዛት በሊትር 290 ሚሊሞል ገደማ ነው። ከ2002 ዓ.ም. በፊት የነበረው ፓኬት 311 ነበር፤ አዲሱ ግን 245 ነው። ይህ ለውጥ በደም ሥር ፈሳሽ ሊሰጣቸው የሚያስፈልጉትን ሕፃናት ቍጥር ከመቶ 33 ያህል እንደ ቀነሰው የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። የተለወጠው መድኃኒቱ አይደለም፤ ቍጥሩ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ምክር እናትም አባትም ልብ ሊሉት ይገባል። ለአንድ ሊትር የተዘጋጀውን ፓኬት «ጠንከር ይበል» ብሎ በግማሽ ሊትር የሚያሟሟ ሰው 245 የነበረውን 490 ያደርገዋል። ያን ጊዜ ውሃው ከአንጀት ወደ ሰውነት በመግባት ፈንታ ከሰውነት ወደ አንጀት ሊሳብ ይችላል፤ ጨውም በሕፃኑ ደም ውስጥ ከመጠን በላይ ሊበዛ ይችላል። «ይበረክት» ብሎ በሁለት ሊትር የሚበጠብጠው ደግሞ ጨውና ስኳሩን ያሳሳዋል። በፓኬቱ ላይ የተጻፈው የውሃ መጠን እንደ መልካም ፈቃድ የሚታይ ምክር ሳይሆን የመድኃኒቱ አንዱ ክፍል ነው። በ1971 ዓ.ም. በሕንድ አገር በቦንጋኦን በነበረ የስደተኞች ሰፈር ኮሌራ በገባ ጊዜ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ልኩን ጠብቆ የተዘጋጀ የጨውና የግሉኮስ ውሃ በማጠጣት ከመቶ 30 ገደማ ይደርስ የነበረውን ሞት ከመቶ 4 በታች እንዳወረዱት የታወቀ ነው።

ከላቦራቶሪ ስለሚወጣው ወረቀት

ሁለተኛው ጉዳይ የስኳር ሕመምን ይመለከታል። በአገራችን ብዙውን ጊዜ በደም ውስጥ ያለው ስኳር የሚጻፈው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ በአሜሪካም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ፣ በካናዳና በስዊድን ግን በሚሊሞል በሊትር ይጻፋል። አንደኛው ይመዝናል፤ ሁለተኛው ይቈጥራል። አንድ ሞል ግሉኮስ 180 ግራም ስለሆነ አንድ ሚሊሞል በሊትር ከ18 ሚሊግራም በዴሲሊትር ጋር እኩል ነው። ሳይበሉ በተለካ ደም የስኳር ሕመም ምልክት ሆኖ የሚወሰደው 126 በሌላው አጻጻፍ 7 ይሆናል፤ ሁለቱ አንድ ናቸው።

ዘመድ ከለንደን የላከለትን የስኳር መለኪያ መሣሪያ የሚጠቀም ሰው መሣሪያው 15 ቢያሳየው፣ መቶዎችን ማየት የለመደ በመሆኑ «ስኳሬ ወርዶ አለቀ» ብሎ ሊደነግጥና ጣፋጭ ሊወስድ ይችላል። በእውነቱ ግን 15 ሚሊሞል 270 ሚሊግራም ስለሆነ ስኳሩ እጅግ ከፍ ብሏል። ጣፋጩ ሕመሙን ያባብሰዋል። ስለዚህ ቍጥሩን ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ የተጻፈውን መለኪያ አብሮ ማንበብ፣ ለሐኪምም ሲነገር ከነመለኪያው መናገር፣ በውጭ አገር ላለ ዘመድ ሲጻፍም እንዲሁ ማድረግ ግዴታ ነው። ገንዘብን በተመለከተ «100 አለኝ» ሲባል ብር ነው ወይስ ዶላር ብሎ የማይጠይቅ ማን አለ?

በ18 ማባዛትም ለስኳር ብቻ የሚያገለግል መሆኑ አይዘነጋ። የኮሌስትሮል ሞለኪውል ከግሉኮስ ሞለኪውል ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ለእርሱ የሚባዛው 38.7 ነው። 200 ሚሊግራም ኮሌስትሮል 5.2 ሚሊሞል ያህል ይሆናል። የአንዱን ቅንጣት ክብደት ሳያውቁ ሚዛንን ወደ ቍጥር መለወጥ እንደማይቻል ይህ ያስረዳል። በዚህ ስሌት ተመርቶ መድኃኒትን በራስ ፈቃድ መጨመር ወይም መቀነስ ግን አይገባም፤ ይህ የሐኪም ሥራ ነው።

ማጠቃለያ

አንባብያን ሆይ፤ ልጃችሁ ማታ ደብተሩን ይዞ «ሞል ምንድር ነው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ሃያ አራት አኃዝ ያለውን ቍጥር እንዲሸመድድ ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ደስጣ ወረቀት፣ ጥቂት ብሎንና ጥቂት ዳዶ አስቀምጡለት፤ ሚዛንም ካለ አቅርቡለት። እኩል ክብደት እኩል ቍጥር እንዳልሆነ በገዛ እጁ ካየ፣ ከዚያ በኋላ ቍጥሩን ቢረሳው እንኳ ትርጕሙን አይረሳውም።

ለእኛም ለመንግሥት ሠራተኞች ጉዳዩ ትምህርት አለው። ሪፖርት ስንጽፍም ሆነ ንብረት ስናስረክብ፣ መድኃኒት ስናድልም ሆነ ውጤት ስናስታውቅ፣ ቍጥርን ያለ መለኪያው አንጻፍ፤ የተጻፈውንም ያለ መለኪያው አንቀበል። የመዘንነው ምን እንደ ሆነና የቈጠርነው ምን እንደ ሆነ ለይተን ማወቅ ልጅን ከሞት፣ ሕመምተኛን ከስሕተት የሚጠብቅ ዕውቀት ነውና።